ከማጭድ እስከ መቀስ፦ የባሕር ጠላቂዎች ቢላ ታሪክ

የባሕር ጠላቂ በቀበቶው፣ በባቱ ወይም በክንዱ ላይ አስሮ የሚወርደው ቢላ በዋናነት የሚቆርጠው ገመድ፣ ክርና መረብ ነው። ፊልሞችና ልብ ወለዶች ይህን ቢላ ከሻርክ ወይም ከጠላት ጋር መተናነቂያ አድርገው ስላሳዩት በሰፊው የሚታመነው ነገር ከሙያተኞቹ ልማድ ርቋል። ጠላቂውን ከውኃ በታች ከሚያሰጉት ነገሮች አንዱ በቀጭን ክር ተይዞ መቅረት ነው፤ ቢላውም የሚታጠቀው በተለይ ለዚህ ነው።

የአደጋው ክብደት በቁጥር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። 12 ሊትር የሚይዝ የአየር ሲሊንደር በ200 ባር ግፊት ሲሞላ 2,400 ሊትር ያህል አየር ይኖረዋል። ከውኃ በላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው 30 ሜትር ሲወርድ በዙሪያው ያለው ግፊት አራት እጥፍ ስለሚሆን በደቂቃ 80 ሊትር ይፈጃል። ስለዚህ ሙሉው ሲሊንደር ከ30 ደቂቃ አያልፍም፤ ሰውየው ተይዞ ከተደናገጠና ትንፋሹ ከፈጠነ ደግሞ ጊዜው በግማሽ ሊያጥር ይችላል። ክሩ ብዙውን ጊዜ የሚጠመጠመው ከጀርባ፣ በሲሊንደሩ ቫልቭ ዙሪያ ስለሆነ ዓይን አያየውም። ጠላቂው ለማየት በዞረ ቁጥር ይብስ ይጠላለፋል። ቅዝቃዜ ያደነዘዛቸው ጓንት ያጠለቁ ጣቶች ቋጠሮ መፍታት ይሳናቸዋል። በዚህ ጊዜ የሚያዋጣው መቁረጥ ነው።

በመሆኑም የቢላው ታሪክ የሰው ልጅ ወደ ባሕር የጣላቸውን ገመዶች ታሪክ ተከትሎ ይሄዳል። በቃጫ ገመድ ዘመን ቢላው አንድ መልክ ነበረው፤ ወደቦች በብረት መረብ ሲታጠሩ፣ ኋላም ናይለን በባሕሩ ሲሰራጭ፣ መልኩም መጠኑም የሚታሰርበትም ቦታ ተለወጠ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

በአንድ ትንፋሽ የሚወርዱት

የመተንፈሻ መሣሪያ ከመፈጠሩ በፊት የነበሩ ጠላቂዎች ስለት ይዘው የሚወርዱት ለመልቀም ሥራቸው ነበር። በ2ኛው መቶ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ባለቅኔ ኦፒያን ስለ ዓሣ ማጥመድ በደረሰው ሥራ የሰፍነግ ቆራጮችን አሠራር በዝርዝር አስቀምጧል። ጠላቂው ወገቡ ላይ ረጅም ገመድ ይታሰርለታል፤ በአንድ እጁ ቶሎ የሚያሰምጠውን ከባድ እርሳስ፣ በሌላው ስለታም ማጭድ ይይዛል፤ አፉንም ዘይት ይሞላዋል። ታች ሲደርስ ዘይቱን ይተፋል፤ ሰፍነጉን ከዐለቱ ላይ አጭዶ ገመዱን ሲነቀንቅ ጓደኞቹ ፈጥነው ይጎትቱታል። በዚህ አሠራር ገመድ የጠላቂው ሕይወት ነው፤ ስለቱ የተያዘው ለሰፍነጉ ነው እንጂ ራስን ለማስፈታት አይደለም።

የእንስሳ አደጋም በዚያ ዘመን ይታወቅ ነበር። ሮማዊው ጸሐፊ ታላቁ ፕሊኒ በ1ኛው መቶ ዘመን ባዘጋጀው የተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉ ሰፍነግ ጠላቂዎች ከትንንሽ ሻርኮች ጋር ስለሚገጥሙት ግብግብ ጽፏል። የሚከላከሉት በሾሉ ዘንጎች ነበር፤ ከመሸሽ ይልቅ ፊት ለፊት መግጠም እንደሚሻልም ይገልጻል። እንስሳን በርቀት ለመያዝ ዘንግ፣ ለሥራ ማጭድ የሚለው ክፍፍል ከጥንት የጀመረ ነው ማለት ይቻላል።

በምሥራቅ እስያም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። በጃፓን አማ፣ በደቡብ ኮሪያዋ የጄጁ ደሴት ሄንዮ የሚባሉት ሴት ጠላቂዎች ከዐለት ጋር ተጣብቆ የሚኖረውን አባሎኒ የተባለ ዛጎል ለበስ እንስሳ የሚፈለቅቁት በጠፍጣፋ የብረት መፈልቀቂያ ነው። የባሕር አረም የሚያጭዱበት ደግሞ እንደ ማጭድ የጎበጠ ሌላ ስለት አለ። የጄጁ ጠላቂዎች ባህል በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። መፈልቀቂያው እንዳይወድቅ በእጅ አንጓ ላይ በማሰሪያ ይያዛል፤ አባሎኒው ብረቱ ላይ አጥብቆ ከዘጋበት ግን ያው ማሰሪያ ጠላቂዋን ታች ሊያስቀራት ይችላል። ስለዚህ ማሰሪያው ቶሎ የሚፈታ መሆን ይኖርበታል። መሣሪያን እንዳይጠፋ አጥብቆ መያዝና በቶሎ መላቀቅ የሚጋጩ ፍላጎቶች ናቸው፤ ይህ ግጭት በኋለኛው የቢላ ታሪክ ሁሉ ይደጋገማል።

በፋርስ ባሕረ ሰላጤና በቀይ ባሕር፣ የዳህላክ ደሴቶችን ጨምሮ፣ ዕንቁ ለቃሚዎች ለረጅም ዘመን ሲሠሩ ኖረዋል። የባሕረ ሰላጤው ጠላቂ የሚወርደው አፍንጫውን በመቆንጠጫ ዘግቶ፣ እግሩን የድንጋይ ክብደት ባለው ገመድ ላይ አድርጎና የመልቀሚያ ቅርጫት አንግቦ ነው። ዛጎሉን የሚሰበስበው በእጁ ሲሆን ቢላ ሥራ የሚጀምረው ዛጎሉ ጀልባ ላይ ወጥቶ ሲከፈት ነው። ጠላቂውን የሚጎትተው ሰው ከላይ ሆኖ የገመዱን ንቅናቄ ይጠባበቃል። በአንድ ትንፋሽ የሚወርድ ሰው ከታች የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ፣ ባሕሩም የተረሳ መረብ ስላልበዛበት፣ ራስን ከገመድ ማስፈቻ ቢላ የመታጠቅ ልማድ በዚህ ሙያ አልጠነከረም።

የራስ ቁርና የናስ አፎት

ይህን የለወጠው ከላይ በቱቦ አየር የሚላክለት ጠላቂ መምጣት ነው። እንግሊዛውያኑ ወንድማማቾች ቻርልስና ጆን ዲን በ1823 በጭስ ውስጥ ለሚሠሩ ሰዎች የሚሆን የራስ ቁር የፈጠራ መብት አስመዘገቡ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሐሳቡን ወደ ውኃ ውስጥ ሥራ አዞሩት። የጀርመን ተወላጅ የሆነው የለንደኑ መሣሪያ ሠሪ ኦገስተስ ሲብ በ1830ዎቹ የራስ ቁሩን ውኃ ከማያስገባ ሙሉ ልብስ ጋር አያያዘው። አዲሱ ልብስ በሰፊው የተፈተነው በ1782 በፖርትስመዝ አቅራቢያ የሰመጠውን ሮያል ጆርጅ የተባለ የጦር መርከብ ስብርባሪ ለማስወገድ በቻርልስ ፓዝሊ መሪነት ከ1839 እስከ 1843 በተካሄደው ሥራ ነው።

በሰመጠ መርከብ ላይ የሚሠራ ጠላቂ ዙሪያውን በገመድ የተከበበ ነው። የሸራ መርከብ ምሰሶውና ሸራው የሚያዙት በቃጫ ገመድ ነበር፤ መርከቡ ሲሰምጥ ይህ ሁሉ ተፈትቶ በስብርባሪው ላይ ይንሳፈፋል፤ የዓሣ አጥማጆች መረብም ይደረብበታል። ጠላቂው ራሱም የአየር ቱቦና የሕይወት ገመድ እየጎተተ ይሄዳል። ልብሱና ዕቃው እጅግ ከባድ ነው፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከ1916 ጀምሮ የተጠቀመበት ማርክ 5 የተባለው ሙሉ ትጥቅ 86 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። ይህን የለበሰ ሰው በባሕሩ ወለል ላይ ይራመዳል እንጂ አይዋኝም። ቱቦው ስብርባሪ ላይ ከተጠመጠመ በመጣበት መንገድ ተመልሶ መፍታት ግድ ይለዋል። ሌላውን ገመድና መረብ ግን መቁረጥ ይችላል፤ ቢላ የመደበኛው ትጥቅ አካል የሆነው እንዲህ ነው።

ሲብ ጎርማን በሚል ስም የታወቀው ኩባንያና ሌሎች አምራቾች ያወጡት የራስ ቁር ጠላቂ ቢላ የራሱ መልክ ነበረው። ስለቱ ሰፊና ወፍራም ነው፤ በአንዳንዶቹ አንዱ ወገን እንደ መጋዝ ጥርስ አለው። እጀታው ከእንጨት ወይም ከናስ ይሠራል። አፎቱ የናስ ቱቦ ሲሆን ቢላው እንደ ብሎን እየተጠመዘዘ ይገባበታል። ለዚህ ንድፍ ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው ጠላቂው ሲጎነበስ ወይም ሲወድቅ ከባዱ ቢላ ከአፎቱ እንዳይሾልክ ነው። ሁለተኛው ልብሱን ይመለከታል። ጎማ በመሀሉ የተደረበበት ሸራ ከተቀደደ ውኃ ያስገባል፤ ስለዚህ ሹሉ ጫፍ በብረት ቱቦ ውስጥ ተሸፍኖ መቀመጥ ነበረበት። ናስ የተመረጠው በባሕር ውኃ ቶሎ ስለማይዝግ ነው።

ብሎን ጠምዝዞ ቢላ ማውጣት ጊዜ ይወስዳል። ለራስ ቁር ጠላቂ ግን ይህ ትልቅ እንቅፋት አልነበረም። አየሩ ከላይ በፓምፕ ይላክለታል፤ ፓምፑ እስከተዘወረና ቱቦው እስካልተቆረጠ ድረስ ቢያዝም ይተነፍሳል፤ ከላይ ያሉትም ረዳቶች ሌላ ጠላቂ ሊልኩለት ይችላሉ። አየሩን በጀርባው የሚሸከም ጠላቂ ሲመጣ ይህ ትዕግሥት ያለው አፎት ከጥቅም ውጭ ሆነ።

የራስ ቁር በ1860ዎቹ ወደ ግሪክ ደሴቶች ገብቶ የሰፍነግ ለቀማውን ሲያስፋፋው ስለት ሌላ ጥቅም እንዳለውም ታየ። ሰፍነግ ተነቅሎ ከተወሰደ በቦታው የሚቀር ነገር የለም፤ ከሥሩ ከፍ ተደርጎ በስለት ከተቆረጠ ግን ዐለቱ ላይ የቀረው ቁራጭ እንደገና ሊያድግ ይችላል። በጥንቃቄ የሚቆርጥ ለቃሚ ለነገ የሚሆን መከር ይተዋል።

የእንቁራሪት ሰዎች ጦርነት

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጠላቂውን ከከባዱ ልብስ አላቆ «የእንቁራሪት ሰው» የሚባል ዋናተኛ አደረገው። የጣልያን ባሕር ኃይል 10ኛ ማስ ክፍል ከታኅሣሥ 18 እስከ 19 ቀን 1941 ባለው ሌሊት ስድስት ሰዎችን በሦስት የሚጋለቡ ቶርፒዶዎች ወደ እስክንድርያ ወደብ ላከ። ሰዎቹ ኦክስጅን በሚያስተነፍስ መሣሪያ ውኃ ውስጥ ሆነው ሄደው ኩዊን ኤልዛቤትና ቫሊያንት የተባሉትን የብሪታንያ የጦር መርከቦች ክፉኛ ጎዱ። ወደቡ በብረት መረብ የታጠረ ነበር፤ እነርሱ ግን መረቡ ለብሪታንያ መርከቦች ሲከፈት ተከትለው ገቡ። እንዲህ ያለ ዕድል ሁልጊዜ አይገኝም። ብሪታንያ በ1943 ቲርፒትዝ በተባለው የጀርመን የጦር መርከብ ላይ ያዘመተቻቸው ኤክስ የተባሉ ትናንሽ ሰርጓጅ መርከቦች የተሠሩት አንድ ጠላቂ በልዩ ክፍል በኩል ወጥቶ መከላከያ መረቡን በመቁረጫ መሣሪያ እንዲከፍት ታስቦ ነው። የብረት ሽቦ በእጅ ቢላ ስለማይቆረጥ ቢላና ከባድ መቁረጫ ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ለየብቻ አደጉ።

አሜሪካ በኅዳር 1943 በፓስፊክ ውቅያኖስ በታራዋ ደሴቶች ላይ ጦር ማውረዷ ብዙ ሕይወት ካስከፈላት በኋላ የባሕር ዳርቻዎችን አስቀድመው የሚያጠኑና መሰናክል የሚያፈርሱ የጠላቂ ቡድኖችን አጠናከረች። ከእነዚህ ዋናተኞች ብዙዎቹ ቁምጣ፣ የዓይን መነጽር፣ የእግር መቅዘፊያና ወገብ ላይ የታሰረ ቢላ ብቻ ይዘው ይሄዱ ነበር። ቢላው የፈንጂ ማያያዣ ገመድ ይቆርጥበታል፤ ለጭንቅ ቀንም መሣሪያ ነው። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በሕዝብ ዓይን ውስጥ የቀረው ይህ ሁለተኛው ጥቅሙ ነው።

ከጦርነቱ የተወለደ ሌላ ዓይነት ቢላ ደግሞ የማግኔት ፈንጂን ይመለከታል። ጀርመን በብሪታንያ ዳርቻዎች ከጣለቻቸው ማግኔታዊ ፈንጂዎች አንዱ በኅዳር 1939 በቴምዝ ወንዝ አፍ አካባቢ፣ ሹበሪነስ ላይ ጭቃ ውስጥ ተገኘ። የባሕር ኃይል መኮንኑ ጆን ኡቭሪ ማግኔት በማይስበው ብረት በተሠሩ መሣሪያዎች ፈታው። ፈንጂ አምካኝ ጠላቂዎች ይህን ሥርዓት ወረሱ። በፈንጂ አጠገብ የሚያዝ ቢላ ተራ ብረት መሆን ስለሌለበት ከመዳብና ከቤሪሊየም ቅይጥ፣ ኋላም ከታይታኒየም መሠራት ጀመረ። የመዳብና የቤሪሊየም ቅይጥ ማግኔት አይስበውም፤ ሲጋጭ የእሳት ፍንጣሪ አያወጣም፤ ከናስ ይልቅም ስለት ይይዛል።

ስኩባና የሻርክ ምስል

ዣክ ኢቭ ኩስቶና መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን በ1943 በጀርመን በተያዘች ፈረንሳይ የሠሩት አኳላንግ የተባለ በጀርባ የሚታዘል የአየር መተንፈሻ (ስኩባ) ከጦርነቱ በኋላ ውኃ ውስጥ መዋኘትን ለተራው ሰው ከፈተው። ከቀዳሚዎቹ ደንበኞች ብዙዎቹ ከ1930ዎቹ ጀምሮ በደቡብ ፈረንሳይና በጣልያን ዳርቻዎች በጦር ዓሣ ሲያድኑ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ለእነርሱ ቢላ የዕለት ዕቃ ነበር፤ የተወጋውን ዓሣ ፈጥኖ መግደያ፣ የጦሩ ክር ሲጠላለፍ መቁረጫ፣ ከዐለት የተጣበቀ ነገር መፈንቀያ። የስኩባ ጠላቂው ቢላ ከጦር አዳኙም ከወታደሩም የተወረሰ ነው። እጀታው ትልቅ፣ ስለቱ ረጅምና ሹል ሆኖ በባት ውጫዊ ጎን ላይ በጎማ ማሰሪያ ይታሰር ጀመር። የድሮው ብሎናዊ አፎትም በአንድ እጅ ሊላቀቅ በሚችል የፕላስቲክና የጎማ አፎት ተተካ፤ አየሩ በጀርባው የሆነ ሰው የሚያባክነው ደቂቃ የለውም።

የቢላውን ስም ያገነነው ግን ቴሌቪዥንና ሲኒማ ነው። ከ1958 እስከ 1961 በአሜሪካ የተሠራጨው ሲ ሃንት የተባለ ተከታታይ ፊልም 155 ክፍሎች ነበሩት፤ በሎይድ ብሪጅስ የተተወነው ጀግና ውኃ ውስጥ ከወንጀለኞች ጋር ይታገላል፤ የአየር ቱቦ በቢላ መቁረጥም የፊልሙ የታወቀ ትዕይንት ሆነ። በ1965 የወጣው የጄምስ ቦንድ ፊልም ተንደርቦል በባሃማስ ባሕር ውስጥ የጠላቂዎችን ጅምላ ውጊያ አሳየ። በ1975 ጆውስ ሻርክን የዓለም ሁሉ ፍርሃት ሲያደርገው ደግሞ ባት ላይ የታሰረው ትልቅ ቢላ ትርጉሙ በብዙዎች ዘንድ ከሻርክ ጋር ተያያዘ።

በተግባር ሻርክን በቢላ መከላከል የማያዋጣ ነገር ነው። ውኃ ክንድን ስለሚይዝ የምት ፍጥነት ይሞታል። የሻርክ ቆዳ በጥቃቅን ጥርስ መሰል ቅርፊቶች የተሸፈነና ጠንካራ ነው። ከሁሉ በላይ ቢላ እንዲሠራ እንስሳው ክንድ ወደሚደርስበት መቅረብ አለበት፤ ጠላቂው የሚፈልገው ደግሞ እንዲርቅለት ነው። የኩስቶ ቡድን ራሱ ሻርክ ባለበት ውኃ የሚጠቀመው ጫፉ ላይ ትንንሽ ምስማሮች ባሉት ዘንግ ነበር፤ ዘንጉ ሻርኩን ሳያቆስል ገፍቶ ያርቀዋል። ፕሊኒ ከጠቀሰው የሰፍነግ ለቃሚዎች ዘንግ ጋር በሐሳብ አንድ ነው። ሰው ሳይተነኩሳቸው በዓለም ዙሪያ ሻርኮች የሚነክሷቸው ሰዎች በአብዛኞቹ ዓመታት ከ100 በታች ናቸው፤ ከእነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ ሞገድ ላይ የሚንሸራተቱና የሚዋኙ እንጂ ሲሊንደር ይዘው የሚጠልቁ አይደሉም።

ናይለን የለወጠው ባሕር

ሲኒማው ስለ ሻርክ ሲያወራ እውነተኛው አደጋ በዝምታ ይበዛ ነበር። የአሜሪካው ዱፖን ኩባንያ በ1938 ለሕዝብ ያስተዋወቀው ናይለን ከጦርነቱ በኋላ የዓሣ ማጥመጃ ክርና መረብ ዋና ጥሬ ዕቃ ሆነ። የቃጫና የጥጥ መረብ ባሕር ውስጥ ከተረሳ በጊዜ ብዛት ይበሰብሳል፤ ናይለን ግን እንደዚያ ስለማይበሰብስ ለረጅም ዓመታት ይቆያል። አንድ ወጥ የናይለን ክር ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ወፍሮ ከ10 ኪሎ ግራም በላይ ይሸከማል፤ ውኃ ውስጥም ለዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። በ1990ዎቹ ደግሞ ከፖሊኢቲሊን የሚጎነጎኑ፣ ከናይለን የበለጠ ቀጭንና ጠንካራ የሆኑ ክሮች መጡ።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትና የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራሙ በ2009 ባወጡት የጋራ ሪፖርት ወደ ባሕር የሚጣለው፣ የሚጠፋውና የሚተወው የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ በዓመት 640,000 ቶን ያህል እንደሚሆን ተገምቷል፤ ይህም በባሕር ላይ ካለው ቆሻሻ አንድ አሥረኛው ነው። ባለቤት አልባ መረብ ዓሣ መያዙን አያቆምም። የሰመጡ መርከቦች ደግሞ መረብ ይሰበስባሉ፤ ዓሣ ስለሚከማችባቸው አጥማጆች አቅራቢያቸው ይጥላሉ፤ መረቡም ብረቱ ላይ ተይዞ ይቀራል። በ1956 ከአሜሪካ ናንተኬት ደሴት ወዲያ የሰመጠችው አንድሪያ ዶሪያ የተባለች የጣልያን የመንገደኞች መርከብ በዚህ ትታወቃለች፤ ጠላቂዎች ከመረቡም ውስጧ ከተንጠለጠለው የኤሌክትሪክ ገመድም መጠንቀቅ ነበረባቸው።

ቃጫን በሚገባ የሚገዘግዘው ትልቅ ቢላ በእነዚህ ቀጫጭን ክሮች ላይ ደካማነቱ ታየ። ገመድ የሚቆረጠው ወጥሮ በመገዝገዝ ነው። ቀጭን ክር ግን በለስላሳ ስለት ላይ ይንሸራተታል፤ ልል ከሆነም ከስለቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አምራቾች በስለቱ ጀርባ ላይ ክሩን ይዞ የሚቆርጥ ጠባብ ጎድጓዳ ጥርስ ጨመሩ። ቀጥሎ የፓራሹት ዘላዮች የተጠላለፈ ክር ይቆርጡበት የነበረው ባለ መንጠቆ መቁረጫ ወደ ውኃ ገባ፤ ስለቱ በመንጠቆው ውስጥ የተሰወረ ስለሆነ ልብስም ሥጋም አይነካም፤ ክሩን አስገብቶ መሳብ ብቻ ይበቃል። የአምቡላንስ ሠራተኞች ልብስ የሚቀድዱበት ጫፈ ዱልዱም መቀስም የጠላቂ ትጥቅ ሆነ። መቀስ ልል ክርን ሳይወጠር ይቆርጣል፤ በአንድ እጅም ይሠራል፤ በፖሊኢቲሊን ክር ላይ ደግሞ ከቢላ ይሻላል። ከዓሣ ማጥመጃ መንጠቆ አጠገብ የሚታሰረውን የብረት ሽቦ ግን ከሽቦ መቁረጫ በቀር የሚበግረው የለም።

ከባት ወደ ደረት

ቢላው የሚታሰርበት ቦታ የተለወጠው ደግሞ በዋሻ ጠላቂዎችና ኬልፕ በተባለ ትልቅ የባሕር አረም ደን ውስጥ በሚዋኙ ሰዎች ልምድ ነው። በካሊፎርኒያ ዳርቻ የሚበቅለው ግዙፉ ኬልፕ ምቹ ሁኔታ ሲያገኝ በቀን እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ ከባሕሩ ወለል ተነሥቶ ውኃው ላይ ይነጠፋል። ባት ላይ ወደ ውጭ የታሰረ ትልቅ ቢላ በኬልፑ ዘንግ ይያዛል። ስለዚህ የአካባቢው ጠላቂዎች ቢላውን ወደ ባት ውስጠኛ ጎን አዞሩት። ኬልፑን ራሱን ለማላቀቅ ብዙ ጊዜ ቢላ አያስፈልግም፤ ዘንጉ ቢጎተት የማይበጠስ ቢሆንም በእጅ ሲታጠፍ ይቀነጠሳል።

በፍሎሪዳ የውኃ ውስጥ ዋሻዎች ነገሩ ይበልጥ ጥብቅ ነው። የዋሻ ጠላቂ ከመግቢያው ጀምሮ እየዘረጋ የሚሄደው ቀጭን መሪ ገመድ የመመለሻ መንገዱ ነው፤ ደለል ተነሥቶ ዓይን ሲጋርድ ገመዱን በእጁ እየዳሰሰ ይወጣል። ሼክ ኤክስሊ በ1979 ባሳተመው የዋሻ ጠለቃ መመሪያ ብዙ የሞት አደጋዎችን መርምሮ ያልተቋረጠ መሪ ገመድ አለመዘርጋትን ከዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ አድርጎ አስቀምጧል። ባት ላይ የታሰረ ቢላ መሪውን ገመድ ይጠልፋል፤ ከዚህ የተነሣ ዋሻ ጠላቂዎች ትልቁን ቢላ ትተው ትንሽ ስለት በወገብ ማሰሪያ ወይም በክንድ ላይ ማድረግ ጀመሩ። እዚህ መቁረጥ የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ግድ ሲሆንም የሁለቱ ጫፎች መያዣ አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ የተቆረጠው ገመድ የኋላ ጓደኛ መውጫ ሊሆን ይችላልና።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል የጠለቃ መመሪያም ስለ ቦታው የራሱ ደንብ አለው። ቢላው በቀላሉ የሚደረስበት መሆን አለበት፤ ከክብደት ቀበቶው ጋር ግን መታሰር የለበትም። ጠላቂ በአደጋ ጊዜ ለመንሳፈፍ የክብደት ቀበቶውን ፈትቶ ይጥላል፤ ቢላው ከዚያ ላይ ከነበረ በሚያስፈልግበት ሰዓት አብሮ ይሰምጣል። በዛሬው ልማድ በብዛት የሚመረጠው ቦታ ደረትና ወገብ ነው፤ ሁለቱም እጆች ይደርሱበታል፤ አንዱ እጅ ቢያዝ ሌላው ይሠራል።

ብረቱና ስለቱ

የባሕር ውኃ ጨው ብረትን ስለሚበላ የቢላ ሠሪው ምርጫ ሁልጊዜ በዝገትና በስለት መካከል ነው። በሙቀት የሚጠነክረው 420 የተባለው የማይዝግ ብረት ስለቱን ይይዛል፤ ካልተጠበቀ ግን ነጠብጣብ ዝገት ይጀምረዋል። 304 እና 316 የተባሉት ዓይነቶች ዝገትን በደንብ ይቋቋማሉ፤ ነገር ግን በሙቀት ስለማይጠነክሩ ቶሎ ይደንዛሉ። ታይታኒየም በባሕር ውኃ አይዝግም፣ ቀላል ነው፣ ማግኔትም አይስበውም፤ ዋጋው ግን ውድ ሲሆን ስለቱም ከጥሩ ብረት ያንሳል። በካርቦን ፈንታ ናይትሮጅን የገባባቸው አዳዲስ ብረቶች ሁለቱን ፍላጎቶች ለማቀራረብ የተሠሩ ናቸው።

የጫፉ ቅርጽም ተለውጧል። የዛሬ ጠላቂ በአየር የሚነፋ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ስለሚለብስ፣ በቀዝቃዛ ውኃም ውኃ የማያስገባ ልብስ ስለሚያጠልቅ፣ ሹል ጫፍ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበዛል። ዱልዱም ጫፍ ያላቸው ቢላዎች የበዙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ጠፍጣፋው ጫፍ ለመፈንቀልም ያገለግላል። በእጀታው ጫፍ ያለው የብረት ጉብታ ደግሞ ሲሊንደሩን መትቶ ጓደኛን ለመጥራት ነው። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል፣ ማለትም በአየር ከሚጓዝበት ከአራት እጥፍ በላይ ስለሚፈጥን ኳኳታው ሩቅ ይሰማል፤ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ለመለየት ግን ያስቸግራል።

ሕግና የዛሬው ልማድ

ቢላ የትም ስለት ስለሆነ የየብስ ሕግም ይመለከተዋል። በመስከረም 2001 በአሜሪካ ላይ ከተፈጸመው ጥቃት ወዲህ በአውሮፕላን ጉዞ የሚሄደው በጭነት ሻንጣ ብቻ ነው። በብሪታንያ በ1988 የወጣው ሕግ በአደባባይ ያለ በቂ ምክንያት ስለት መያዝን ይከለክላል፤ ወደ ጠለቃ የሚሄድ ሰው ምክንያት አለው፤ ቢላውን መኪናው ውስጥ ረስቶ ገበያ የሚሄድ ግን ችግር ሊገጥመው ይችላል። እንደ ሜክሲኮው ኮዙሜል ያሉ የተጠበቁ የባሕር ፓርኮች ጎብኚዎች ኮራል እንዳይፍቁና እንስሳት እንዳይነኩ ሲሉ ቢላና ጓንት ይዞ መውረድን ከልክለዋል።

ስለዚህ የሚያዘው መሣሪያ እንደ ውኃው ይለያያል። መርከብ ጠግነው ወይም ቧንቧ ዘርግተው የሚኖሩ ባለሙያ ጠላቂዎች ጠንካራ ቢላ ይታጠቃሉ፤ ሥራቸው ከወፍራም ገመድ ጋር ነው። የተረሱ መረቦችን ከሰመጡ መርከቦች የሚያነሱ ፈቃደኞች ቢላ፣ መቀስና ባለ መንጠቆ መቁረጫ ደርበው ይይዛሉ፤ አንዱ ቢወድቅ ወይም ቢደንዝ ሌላው ይተካል። በጠራ ውኃ ኮራል ለማየት የሚወርድ ጎብኚ ቢላ በተፈቀደበት ቦታ ከትንሽ መቁረጫ በላይ አያስፈልገውም። ለሁሉም የጋራ የሆኑት ልማዶች ጥቂት ናቸው፦ መሣሪያው በሁለቱም እጆች የሚደረስበት ይሁን፤ ከመውረድ በፊት ስለቱ ይፈተሽ፤ ከባሕር ሲወጣ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆና በስሱ ቅባት ተቀብቶ ይቀመጥ። ተይዞ የቀረ ጠላቂም በመጀመሪያ መንቀሳቀሱን አቁሞ ትንፋሹን ያረጋጋል፤ ወደ ኋላ ጥቂት ተመልሶ ክሩ ራሱ ይላላ እንደሆነ ያያል፤ ጓደኛውን በምልክት ይጠራል፤ ካልሆነ ይቆርጣል።